የመጀመሪያዬን የእጅ ጂፒኤስ ስመርጥ፦ የጂኦካሺንግ ማስታወሻ ከሲያትል

መጋቢት መጀመሪያ። ስልኩ የማይበቃው የት ላይ ነው?

ጂኦካሺንግ ለማታውቁ ባጭሩ፦ አንድ ሰው ውኃ የማያስገባ ዕቃ የሆነ ቦታ ይደብቅና ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም ቦታውን የሚያመለክቱትን ቁጥሮች፣ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል። ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይፈርምና በነበረበት ይመልሰዋል። የተደበቀው ዕቃ ካሽ ይባላል።

እስካሁን የፈለግኩት በስልክ ነው። ከተማ ውስጥ ስልክ ይበቃል። ከአውቶቡስ ፌርማታ ጀርባ ወይም ከመብራት ምሰሶ ሥር ላለ ካሽ ሌላ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እኔ ግን የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብዙም ፋታ አይሰጥም። ደስ የሚሉት ካሾች ደግሞ ያሉት ረጃጅም ጥድ ሥር ነው።

ስክሪኑ ላይ ጠብታ ሲያርፍ ስልኩ ጣት የነካው ይመስለዋል፤ ካርታው በራሱ ይሸሻል። ጓንት ካደረግኩ ደግሞ ጭራሽ አይታዘዝም። ጂፒኤሱና ስክሪኑ አብረው ሲሠሩ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ተራራ ላይ አደጋ ቢያጋጥም የምደውለው በዚያው ስልክ ነው። ለኔ ዋናው ምክንያት ይሄ የመጨረሻው ነው።

የምፈልገውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በቁልፍ የሚሠራ እንጂ በመንካት ያልሆነ። ተራውን ዳብል ኤ የባትሪ ድንጋይ የሚበላ። ዝናብ የማይፈራ። ካሾቹን ከነመግለጫቸው የሚይዝ። በጀቱ 200 ዶላር ነው፣ ድንጋዩንና ቻርጀሩን ጨምሮ።

መጋቢት አጋማሽ። ቢጫዋ

ከመግዛቴ በፊት በሰው ዕቃ መሞከር ፈለግኩ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። አገር ቤት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በቅየሳ ሥራ ነው። መሳቢያቸው ውስጥ ጋርሚን የሚባለው ኩባንያ የሠራት አንዲት ኢትሬክስ ጂፒኤስ ነበረቻቸው፤ በ2000 የወጣችው ቢጫዋ ሞዴል። ካርታ የላትም። ስክሪኗ ቀለም የለውም። ከኮምፒውተር ጋር የምትገናኘው በድሮው ሲሪያል ገመድ ነው። ገመዱ ስለጠፋ ኮኦርዲኔቱን ቁጥር በቁጥር በእጅ ማስገባት ነበረብኝ።

2000 ለዚህ ጨዋታ ትልቅ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚለቀውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሜይ 2 ላይ ማዛባቱ ቀረ። በማግስቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ከፖርትላንድ ብዙ በማይርቅ ቦታ አንድ ባልዲ ደብቆ ኮኦርዲኔቱን አወጣ። የመጀመሪያው ካሽ ያ ነው። በ100 ሜትር ስህተት ጫካ ውስጥ ባልዲ ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። በ10 ሜትር ግን ይቻላል።

ቢጫዋን ይዤ ሰዋርድ ፓርክ ሄድኩ። ፓርኩ ሌክ ዋሽንግተን ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ መጥረቢያ ያልነካው ጥንታዊ ጫካ አለበት። ቀድሞ በስልክ ያገኘሁትን ካሽ ኮኦርዲኔት አስገባሁ። ቦታውን ስለማውቀው ለሙከራ ይመቻል።

መሣሪያዋ ግን ወደ ሌላ ቦታ ጠቆመችኝ። ካሹ ካለበት ወደ ደቡብ፣ 300 ሜትር ገደማ ርቆ። ሳተላይት በደንብ ይዛለች። ስክሪኑ ላይ ያለው የስህተት ግምት ከ10 ሜትር በታች ነው። ቁጥሮቹን ደግሜ አየኋቸው፤ ልክ ናቸው።

ለጋሼ ደወልኩ። ነገሩን ሳልጨርስ ገባቸው። «ዴተሙን እይ እስኪ። አዲንዳን ላይ ይሆናል፤ እኔው ነኝ እንደዚያ የተውኩት» አሉኝ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ አየሁ። እውነትም አዲንዳን።

ይሄን በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ያገለገለ ጂፒኤስ የሚገዛ ሁሉ ሊያጋጥመው ይችላል። ኮኦርዲኔት ብቻውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቦታ የሚሆነው የምድርን ቅርፅ በየትኛው ሞዴል፣ ከየትኛው መነሻ እንደለካን ሲታወቅ ነው። ያ መነሻ ዴተም ይባላል። የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዴተም ነው። ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ነው። ጂኦካሺንግ ደግሞ በመላው ዓለም የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለቱ ዴተሞች ሁለት የተለያየ ቦታ ይሰጣል። ልዩነቱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ እዚህ ሲያትል ላይ ወደ 300 ሜትር ወጣ። የስህተት ግምቱ ደግሞ ስለዚህ ምንም አይነግርም። እሱ የሚያወራው ስለ ሳተላይቱ ብቻ ነው።

ዴተሙን ስቀይረው ፍላጻው ወደ ትክክለኛው ዛፍ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ቢጫዋ የምትችለውንና የማትችለውን አየሁ። ሜዳ ላይ ጎበዝ ናት። ወፍራም ጥድ ሥር ስትገባ ግን ሳተላይት ይጠፋባታል፤ ወጣ ብሎ መጠበቅ ነው። ኮምፓስ የላትም። አቅጣጫ የምታውቀው ስራመድ ብቻ ነው። ስቆም ፍላጻው ዝም ብሎ ይዞራል። ካሽ የሚፈለገው ደግሞ ቆም ተብሎ ስለሆነ ይሄ አስመረረኝ። የፍላጎት ዝርዝሬ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ።

መጋቢት መጨረሻ። ቁጥሮቹ

ካሽ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን ደቂቃው ሦስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ አለው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዲግሪ ነጥብ ነው። 47.550 ዲግሪ እና 47 ዲግሪ ከ33.000 ደቂቃ አንድ ቦታ ናቸው፣ ሲታዩ ግን አይመስሉም። መሣሪያው ላይ የአጻጻፉን ዓይነት አንዴ ማስተካከል ነው።

የመጨረሻዋ አሃዝ ስንት ሜትር ናት? ወደ ሰሜንና ደቡብ 1.85 ሜትር፣ የትም ቦታ ቢሆን ያው ነው ለማለት ይቻላል። ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ግን እንደ ቦታው ነው። ሲያትል ላይ 1.25 ሜትር፣ አዲስ አበባ ላይ 1.83 ሜትር። ለምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ይሰፋል። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ «ካሹ ከቁጥሩ ሁለት ሜትር ወጣ ብሏል» ብሎ መከራከር ትቻለሁ። አጻጻፉ ራሱ ከዚያ በላይ አይለይም።

ሚያዝያ መጀመሪያ። ዕጩዎቹ

ሱቅ ሄጄ በእጄ ይዤ አየኋቸው። የምጽፈው ዋጋ አዲስ ሆነው ሲወጡ የነበረው ነው።

በመንካት የሚሠራው ጋርሚን ኦሪገን ወዲያው ወጣ። ስክሪኑ ያምራል፣ ግን ከስልክ የሸሸሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጂፒኤስማፕ 67 በ500 ዶላር አለ። ባትሪው 180 ሰዓት ይቆያል ይላሉ። ባትሪው ግን ውስጡ የተገጠመ ነው፤ ካለቀ ሶኬት ወይም ፓወር ባንክ መፈለግ ነው። እኔ አገር ቤት ስሄድም ይዤው መውጣት እፈልጋለሁ። ዳብል ኤ ድንጋይ ደባርቅም ሆነ ላሊበላ ሱቅ ውስጥ አይጠፋም። ዋጋውም ከበጀቴ ከእጥፍ በላይ ነው።

ጂፒኤስማፕ 65 ልቤን ከፍሎት ነበር። ድንጋይ ይበላል፣ በሁለት ፍሪኩዌንሲ ይቀበላል። ሳተላይቱ የሚልከው ሲግናል ከግንድና ከገደል ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ሲመጣ መሣሪያው ርቀቱን ረዘም አድርጎ ያሰላል፤ ጫካ ውስጥ ቦታው የሚዋዥቀው በዚህ ነው። ሁለት ፍሪኩዌንሲ ይሄን ይቀንሳል። ዋጋው 350 ዶላር ነው። ለመጀመሪያ ዕቃ በዛብኝ።

የቀሩት ሦስት ኢትሬክሶች ናቸው። ኤስኢ በ150 ዶላር በጣም ተመጣጣኝ ነው። በሁለት ዳብል ኤ 168 ሰዓት፣ ኮምፓስ አለው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቶ ካሾችን ያወርዳል። ካርታ ግን የለውም። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው። 22ኤክስ በ200 ዶላር ባለ ቀለም ካርታ አለው፣ ኮምፓስ የለውም። 32ኤክስ በ300 ዶላር ካርታውም ኮምፓሱም አለው። ኮምፓሱ ሦስት አክሲስ ስለሆነ መሣሪያው ዘንበል ቢልም ይሠራል። በአንድ ጥንድ ድንጋይ 25 ሰዓት። ብሉቱዝ የለውም።

የሚከራከሩት ኤስኢና 32ኤክስ ሆኑ። ስልኩ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ላለና መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ኤስኢን ነው የምመክረው። እኔን ወደ 32ኤክስ የጎተተኝ ካርታው ነው። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይቀበላል፤ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ካርታ የተሠሩ የኢትዮጵያ ካርታዎች በነፃ ይጫኑበታል። እንጦጦ ላይ የእግር መንገዱን ስክሪኑ ላይ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ገደል መኖሩን ካርታ ይነግራል፤ ፍላጻ ግን ቀጥታ ወደ ካሹ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሚያዝያ አጋማሽ። ያገለገለ 32ኤክስ

አንድ ተራራ የሚወጣ ሰው በ160 ዶላር ሸጠልኝ። ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት ጋሼን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው የመሣሪያ ዓይን አላቸው።

መጀመሪያ የድንጋዩን ክፍል ከፈቱት። አልካላይን ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ሲቆይ ያፈሳል፤ ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ዕቃው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ በጎኑ የተለጠፈውን ጎማ በአውራ ጣት ገፋ ገፋ አደረጉት። ኢትሬክስ ላይ ይሄ ጎማ ከጊዜ ብዛት የመላቀቅ ችግር አለበት። በአንድ በኩል ትንሽ ለቅቋል። ሻጩ ራሱ አሳየን፣ ዋጋውም የወረደው በዚያ ነው። ከኋላ ያለውን የዩኤስቢ ክዳን፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ የምትገፋዋን ትንሿን ጆይስቲክ በአራቱም አቅጣጫ ሞከሩ። ከዚያ ውጭ ወጥተን ሳተላይት እስኪይዝ ጠበቅን። በመጨረሻም «ዴተሙስ?» አሉ። ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነበር።

ሌላ ወጪ፦ አራት ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ከነቻርጀሩ 25 ዶላር። የአንገት ማሰሪያ 6 ዶላር። ጎማውን በራሴ ማጣበቂያ መለስኩት። ድምሩ 191። ከዚህ ሌላ የጂኦካሺንግ የክፍያ አባልነት በዓመት 40 ዶላር ገደማ ነው፤ ለብቻው ነው የያዝኩት።

ሚያዝያ ሦስተኛ ሳምንት። ማስተካከል

ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አላውቅህም አለ። ድንጋዩን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ አበራሁ፣ ምንም። ጥፋቱ የገመዱ ነበር። 32ኤክስ የሚጠቀመው የድሮውን ሚኒ ዩኤስቢ ነው። ቤት ያገኘሁት ገመድ ኃይል ብቻ የሚያስተላልፍ፣ ዳታ የማያሳልፍ ነው። ጓደኛዬ ከድሮ ካሜራው ገመድ ሰጠኝና እንደ ፍላሽ ዲስክ ተከፈተ።

ካሾቹን ለመጫን የክፍያ አባል በአንድ ጥያቄ እስከ 1,000 ካሽ በጂፒኤክስ ፋይል ማውረድ ይችላል። ፋይሉን ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ወዳለው ጂፒኤክስ ፎልደር መገልበጥ ብቻ ነው። መግለጫው፣ ፍንጩ፣ የሰዎች አስተያየት ሁሉ አብሮ ይገባል። ኔትወርክ በሌለበት ተራራ ላይ ፍንጭ ማንበብ መቻል ለኔ የዕቃውን ግማሽ ዋጋ ያወጣል።

የድንጋዩን ዓይነት መንገርም አይረሳ። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ነው፣ አልካላይን 1.5። ሴቲንጉ አልካላይን ላይ ከቀረ ድንጋዩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሊያልቅ የደረሰ ያስመስለዋል። ኮምፓሱም ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም እንደገና መስተካከል፣ አለበት፤ መሣሪያው ራሱ እንዴት እንደሚዞር ያሳያል። ከመኪና ራቅ ብሎ ማድረግ ይሻላል።

ሚያዝያ መጨረሻ። የነሐስ ምልክት

ጋሼ «ካሽ ላይ አትሞክረው፤ የደበቀው ሰው ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። መሣሪያ የሚፈተነው በታወቀ ነጥብ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ጂኦዴቲክ ሰርቬይ በየቦታው የቅየሳ ምልክቶች አሉት፣ ብዙዎቹ ክብ የነሐስ ሳህን ናቸው። ዝርዝራቸው በነፃ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዝርዝሩ ላይ አንዳንዱ ነጥብ በትክክል የተለካ ነው፣ አንዳንዱ ግን ከካርታ ላይ በማስመሪያ የተነበበ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የተቀመጠው ለከፍታ ስለሆነ አግድም ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ሊሳሳት ይችላል። ጋሼ ዝርዝሩን ሲያዩ ወዲያው ለዩት፤ በትክክል የተለካውን መርጠን ሄድን።

ሳህኑ ላይ አስቀመጥነው። ሰማዩ ክፍት ነው። መጀመሪያ 4 ሜትር ራቀ። መሣሪያው ውስጥ ያለውን፣ ቦታውን ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን የሚያወጣውን የአማካይ መውሰጃ ከፍተን ስንጠብቅ ወደ 2 ሜትር ጠበበ። የአሜሪካ ቅየሳ ዴተምና ደብሊው ጂ ኤስ 84 ራሳቸው ከአንድ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ስለዚህ ከዚህ በላይ ከእጅ ጂፒኤስ አልጠብቅም።

ስልኬንም እዚያው ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። እሱም 4 ሜትር ገደማ ነው የራቀው።

ይሄን ጎላ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። የእጅ ጂፒኤስ የሚገዛው በሜትር ከስልክ ለመብለጥ ከሆነ ገንዘቡ ይቆጭ ይሆናል። እኔ ያየሁት ልዩነት እዚያ ላይ አይደለም።

ሚያዝያ ማብቂያ። ሰዋርድ ፓርክ፣ በዝናብ

ሁለቱንም ይዤ ጥዱ ውስጥ ገባሁ። ቦታው ለሁለቱም ይዋዥቃል። ቆሜ ሳለሁ ርቀቱ ከ5 ወደ 14 ሜትር ይዘላል፣ ይመለሳል። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩ ረጠበና ስክሪኑን መክፈት አቃተኝ። 32ኤክስ በጓንት ይሠራል። ለአንድ ሜትር ውኃ፣ ለ30 ደቂቃ የተሠራ ስለሆነ ዝናብ ምኑም አይደለም። ስቆም ፍላጻው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቢጫዋ ላይ ያስመረረኝ ነገር ጠፋ።

ጫካ ውስጥ የሠራልኝ ዘዴ ይሄ ነው። ካሹ ጋ 10 ሜትር ሲቀር ቁጥሩን ማሳደድ ዋጋ የለውም። ወደ ኋላ 25 ወይም 30 ሜትር ሄጄ፣ ሰማይ በትንሹም ቢሆን ከሚታይበት ቦታ ቆሜ ፍላጻው የሚያሳየውን ዛፍ እይዛለሁ። ከዚያ ዞሬ ከሌላ ጎን እንደገና አያለሁ። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት አካባቢ መሣሪያውን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በዓይንና በእጅ እፈልጋለሁ። የወደቀ ግንድ ሥር አገኘሁት፤ የጥይት ሣጥን ነበር፣ ቅርፊት ተከምሮበት። እርሳስ መያዝ ጥሩ ነው። እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም።

ግንቦት። ዋሻው

ስኖኳልሚ ዋሻ የድሮ የባቡር መስመር ነው፣ 3.6 ኪሎ ሜትር። በክረምት ተዘግቶ ሜይ 1 ይከፈታል። ከምዕራብ ጫፉ አካባቢ በ2001 የተቀመጠ፣ በካሽ ፈላጊዎች ዘንድ በጣም የሚታወቅ ካሽ አለ። በ2011 ተወስዶ ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ለመኪና ማቆሚያ የቀን ፈቃድ 10 ዶላር ከፈልኩ።

ዋሻው ውስጥ ጂፒኤስ የለም፣ የማንም መሣሪያ ቢሆን። ከመግባቴ በፊት መውጫውን ዋይፖይንት፣ ማለትም መሣሪያው ላይ የተመዘገበ ነጥብ፣ አድርጌ ያዝኩ። የትራክ መዝገቡ ዋሻው አፍ ላይ ተቋርጦ ሌላኛው አፍ ላይ ቀጠለ፣ መሐሉን በቀጥታ መስመር ሞላው። እዚያ ውስጥ የሚያስፈልገው ጥሩ የእጅ ባትሪና ጃኬት ነው፤ ውጭ ሙቀት ሆኖ ውስጡ ይበርዳል። ስወጣ ሳተላይቶቹን ለመያዝ ብዙ አልቆየም። የስልኬ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ፍንጩን ከ32ኤክስ ላይ አነበብኩና ካሹን አገኘሁ። ቤት ስደርስ የስልኬ ባትሪ ከግማሽ በላይ ነበር፤ በመጋቢት የፈለግኩት ይሄንን ነው።

ግንቦት መጨረሻ። የራሴን መደበቅ

ቤታችን አቅራቢያ ላለች ትንሽ ፓርክ ካሽ አዘጋጅቻለሁ፦ ክዳኑ አራት ጎን የሚቆለፍ የምግብ ዕቃ፣ ደብተር፣ እርሳስ። ኮኦርዲኔቱን በአማካይ መውሰጃው በተለያየ ቀን ለካሁ። ሳተላይቶቹ በተለያየ አቀማመጥ ላይ ሲሆኑ የተለካ ቁጥር ይሻላል፤ በአንድ ቁጭታ ብዙ ደቂቃ ከመጠበቅ በሌላ ቀን መመለስ ይበልጣል።

አዲስ ካሽ ድረ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚገመግመው ሰው አልተቀበለውም። ሁለት ካሾች ቢያንስ 161 ሜትር መራራቅ አለባቸው። የኔው ከአንድ የቆየ ካሽ 140 ሜትር ላይ ነው። ካርታው ላይ ሌላ ቦታ አይቻለሁ፣ ከሐይቁ ወገን፣ ሰማዩም የተሻለ ክፍት የሆነ። ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ሄደን እንለካዋለን። እሳቸው ቢጫዋን ይዘው ይመጣሉ፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84።